«ለእኔ ሠርቶልኛል» ማስረጃ ይሆናል?

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ጅማ ወርጄ ነበር። እግረ መንገዴን አጋሮ ድረስ ዘልቄ አንድ የድሮ ጓደኛዬን ጠየቅሁ። ይህ ሰው መምህር ነው። በወጣትነታችን ከአጋሮ ተነስቶ የጎማን ዳገት በእግሩ ሲያቋርጥ እኛ ከኋላው እያለከለክን እንከተለው ነበር። አሁን ግን ከበሩ እስከ ቡና መጠጫችን ድረስ የነበረችውን አጭር መንገድ ሁለት ጊዜ አርፎ ነው የጨረሳት። በ2013 ዓ.ም. ኮቪድ ይዞት ነበር። ሆስፒታል አልተኛም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳቱና ሳሉ ለቀቁት። «ቫይረሱ ሄዷል አሉኝ፤ ሲሄድ ግን ጉልበቴን ይዞት ሄደ» አለኝ።

ወዲያው አንድ ፌስታል አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የቪታሚን መርፌ ብልቃጥ፣ ማር የተለወሰበት ነጭ ሽንኩርት፣ የአክስቱ ልጅ ከአረብ አገር የላከችለት ውድ እንክብል፣ ስሙን እሱም የማያውቀው የቅጠል ዱቄት። እያንዳንዱን የሰጠው ሰው «ለእኔ ሠርቶልኛል» ብሎ መስክሯል። «አንተ የሕግ ሰው ነህ፤ ከእነዚህ ምስክሮች የቱን ልመን?» ሲል ጠየቀኝ። የዕለቱ መልሴ አጥጋቢ አልነበረም። ከተመለስኩ በኋላ ሐኪሞች ወዳጆቼን ጠይቄና አንብቤ የደረስኩበትን እነሆ ለእሱም ለአንባቢም አቀርባለሁ።

ድካሙ ስንፍና አይደለም

ከቫይረስ ሕመም በኋላ የሚቀር ድካም ከኮቪድ ጋር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ከኢንፍሉዌንዛ፣ ከጉበት ቫይረስና ከሌሎችም ሕመሞች በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት አቅም ያጡ ሰዎችን ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ ያውቋቸዋል። ኮቪድ ያደረገው ነገር ቢኖር ቁጥራቸውን አብዝቶ ዓለም ችላ እንዳይላቸው ማድረግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለዚህ ችግር ትርጓሜ ሰጥቶታል። ባጭሩ ሕመሙ ከጀመረ በሦስት ወር ገደማ የሚታዩ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆዩና በሌላ በሽታ ሊብራሩ የማይችሉ ምልክቶች ማለት ነው። ከእነዚህ ምልክቶች ግንባር ቀደሙ ድካም ነው።

ይህ ድካም ደግሞ ሌሊት በመተኛት አይለቅም። በብዙዎቹ ላይ የሚታየው ልዩ ምልክት ከሥራ በኋላ መባሱ ነው። ዛሬ ትንሽ የተሻለው ሰው ተነስቶ ልብስ ቢያጥብ ወይም ገበያ ቢወጣ፣ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን አልጋ ላይ ይወድቃል። ጎረቤት የሚያየው ገበያ የወጣበትን ቀን እንጂ የወደቀበትን ቀን አይደለም። «ትናንት ደህና አልነበርክም እንዴ?» የሚለው ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንባቢዬ ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ከሆነ ጉዳዩን ከቡና ለቃሚዋ አንጻር እንዲያየው እጋብዘዋለሁ። በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ወይም በጌራ ቀይ እሸት ቡና የምትለቅም ሴት ሒሳቧ የሚሠራው በለቀመችው ኪሎ ነው። ያልለቀመችበት ቀን ያልተከፈለችበት ቀን ነው። ለእሷ «ድካም» ማለት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ የዓመት የልጆች ልብስና የደብተር ብር ማጣት ማለት ነው።

ወቅት ያታልላል፣ ዓይንም ያታልላል

ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። «ለእኔ ሠርቶልኛል» የሚለው ምስክርነት ለምን አይበቃም?

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። አንድ ነጋዴ በሐምሌ ወር ወደ አንድ የቡና ቀበሌ ሄዶ ሃምሳ ደካሞችን መርጦ አንድ ሽሮፕ ቢሰጣቸው፣ ከዚያ በኅዳር ተመልሶ እርምጃቸውን ቢቆጥር ምን ያገኛል? ሁሉም በርትተው ያገኛቸዋል። ሽሮፑ ስኳርና ውኃ ብቻ ቢሆንም እንኳ! ምክንያቱም ሐምሌ ዝናብ፣ ጭቃና የጎተራ መጉደል ነው፤ ኅዳር ደግሞ ፀሐይ፣ ለቀማና ገንዘብ ነው። በኅዳር ጅማ ዙሪያ ሁሉም ሰው ይንቀሳቀሳል። ሽሮፑን ያልጠጣውም ጭምር።

በዚህ ላይ ሌላም አለ። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው በጣም በባሰበት ቀን ነው። ከባሰበት ቀን በኋላ የሚመጣው ቀን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው። ያን ጊዜ የተወሰደው ነገር ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። ደግሞም ተስፋ ራሱ ኃይል አለው፤ ነጭ ገዋን የለበሰ ሰው በትኩረት አዳምጦን አንድ ነገር ሲሰጠን ቀለል ይለናል። በጅማና አካባቢዋ ደግሞ ቡናና ጫት አሉ። ከሰዓት በኋላ የበረታው ሰው የበረታው በእንክብሉ ነው ወይስ በቃመው? ይህንን ሳይጠይቅ ውጤት የሚናገር አጥኚ ራሱን ያታልላል።

ስለዚህ ትክክለኛ ሙከራ በፍርድ ቤት ሥርዓት ይመሰላል። አንደኛ፣ የሚቃረን ወገን ያስፈልጋል፤ ይህም መድኃኒቱን የማይወስድ ማነጻጸሪያ ቡድን ነው። ሁለተኛ፣ ማን በየትኛው ወገን እንደሚሆን ሐኪሙ አይመርጥም፤ ዕጣ ይጣላል። ሐኪም ከመረጠ፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ጠንከር ያለውን ወደ መድኃኒቱ ይመራል። ሦስተኛ፣ በተቻለ መጠን ሕመምተኛውም መዛኙም ማን ምን እንደወሰደ አያውቁም፤ ለዚህም መድኃኒቱን በመልክም በጣዕምም የሚመስል ማስመሰያ ይዘጋጃል። አራተኛ፣ ምን እንደሚለካና «ተሻለው» የሚባለው መቼ እንደሆነ ሙከራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይሰፍራል። ክርክሩ ካለቀ በኋላ ጭብጥ መለወጥ በእኛ ሙያ እንደማይፈቀድ ሁሉ ማለት ነው።

ጅማና አጋሮ ላይ የተደረገው

«ይህ ለፈረንጅ አገር ነው፤ እኛ ዘንድ ማን ይሞክራል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። መልሱ እዚያው ጅማ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የጅማ ዩኒቨርሲቲና የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከነዚህም ውስጥ ዶክተር ዓለምሰገድ አብዲሳና ዶክተር ዳንኤል ይልማ ይገኙበታል፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በጅማ ጤና ጣቢያና በአጋሮ ጤና ጣቢያ አንድ ሙከራ አካሂደዋል። ቫይረሱ ኤች.አይ.ቪ. ነበር። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ ሥጋው አልቆ፣ ጉልበቱ ተሟጦ ነው የሚመጣው። መድኃኒቱ ቫይረሱን ይገታል፤ የጠፋውን ጉልበት ማን ይመልሳል? በቀን 200 ግራም የሚበላ፣ ቅባትና ፕሮቲን ያለው ልዩ ምግብ ለሦስት ወር ቢሰጥ ይረዳ ይሆን? ጥያቄው ይህ ነበር።

318 ሕመምተኞች ተሳተፉ። ዕጣ ወጥቶ ከፊሎቹ ምግቡን መድኃኒቱን እንደጀመሩ፣ ሌሎቹ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። ይህ አሠራር ብልህነት አለው፤ ማነጻጸሪያ ተገኘ፣ ግን ማንም ባዶ እጁን አልቀረም። ሰውነታቸው እጅግ የመነመነው ደግሞ እንዲጠብቁ አልተደረገም። ምግቡም ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ፕሮቲኑ ከአጓት፣ ሌላው ከአኩሪ አተር።

እንዴት ለኩ? «ድካሙ እንዴት ነው?» ብለው ብቻ አላለፉም። ከስብ ውጭ ያለውን የሰውነት ክብደት ለኩ፤ የእጅን የመጨበጥ ኃይል በመሣሪያ ለኩ፤ እንቅስቃሴያቸውንም ሰውነት ላይ በሚታሰር መዝጋቢ ተከታተሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ምግቡን ቀድመው ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ ጨመሩ፤ የመጨበጥ ኃይላቸውም በተለይ አኩሪ አተር ባለው ምግብ ጨመረ፣ ጭማሪው ግን ከአንድ ኪሎ በታች ነበር። እንቅስቃሴያቸው ላይ ግን ልዩነት አልታየም። በሌላ በኩል ከዚሁ ሙከራ የወጣ ሌላ ጽሑፍ ስለ ኑሯቸው በመጠይቅ ሲጠየቁ ምግቡን ያገኙት የተሻለ መልስ እንደሰጡ ዘግቧል።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም እንዲል እፈልጋለሁ። መዝጋቢው «ለውጥ የለም» አለ፤ ሰዎቹ «ተሽሎናል» አሉ። ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። ሁለቱ የለኩት የተለያየ ነገር ነው። የኑሮ ስሜት ከእርምጃ ቁጥር በላይ ነው፤ ሰው ሥጋ ሲጨምር፣ ጎረቤት «ወፍረሃል» ሲለው ሌላ ሰው ይሆናል። ሆኖም ምግብ እየበላ መሆኑን ከራሱ መደበቅ ስለማይቻል፣ ተስፋና ምስጋናም በመልሱ ውስጥ ገብተው ሊሆን ይችላል። የሙከራው ክብር ሁለቱንም ውጤት ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው። ፌስታል ይዞ የሚዞር ነጋዴ ቢሆን የሚያሳየን አንዱን ብቻ ነበር።

ከኖርዌይና ከእንግሊዝ የሚገኝ ትምህርት

ከቫይረስ በኋላ በሚመጣው ሥር የሰደደ ድካም ላይ ሁለት ታሪኮች አሉ፤ አንዱ የቅንነት፣ ሌላው የክርክር።

የመጀመሪያው የኖርዌይ ነው። በበርገን የሚገኙት ፍሉጌና ሜላ የተባሉ የካንሰር ሐኪሞች ሪቱክሲማብ የተባለ ውድ መድኃኒት የወሰዱ ሥር የሰደደ ድካም ያለባቸው ታማሚዎች ሲበረቱ አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በ30 ሰዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 15 ሰዎች 10ሩ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 15 ግን 2ቱ ብቻ መሻሻል አሳዩ። ዓለም ተደነቀ፤ ሕመምተኞች መድኃኒቱን የሚሰጣቸው ሐኪም ፍለጋ ጀመሩ። ሐኪሞቹ ግን በቃን አላሉም። 151 ሰዎችን ይዘው ትልቁን ሙከራ አካሄዱ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 26 በመቶ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 35 በመቶ ተሻሻሉ! ማለትም መድኃኒቱ ከባዶ ውኃ አልበለጠም። ይህንን ያሳተሙት ተስፋውን የፈጠሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። በራስ ላይ መመስከር ከባድ ነው፤ እነሱ አደረጉት።

ሁለተኛው የእንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመው ፔስ የሚባለው ሙከራ 641 ሰዎችን ይዞ ነበር። ቀስ በቀስ የሚጨምር የአካል እንቅስቃሴና የንግግር ሕክምና ይረዳሉ አለ፤ በኋላም በእነዚህ ሕክምናዎች 22 በመቶ ያህሉ አገገሙ ተባለ። ሕመምተኞች ግን «እንቅስቃሴው ይብሱን ጥሎናል» ብለው ጮኹ። ጭብጡም ግልጽ ነበር። ማንኛውም ተሳታፊ ምን እየተደረገለት እንደሆነ ያውቃል፤ ዋናዎቹ መለኪያዎች የራሱ የተሳታፊው መልሶች ናቸው፤ «አገገመ» የሚባልበት መስፈርትም በመጀመሪያው ሰነድ ከሰፈረው ተለውጧል። አንድ ሕመምተኛ መረጃው እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ዩኒቨርሲቲው እምቢ አለ፤ ጉዳዩ በመረጃ ነጻነት ሕግ መሠረት ወደ ዳኝነት ሄደ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 መረጃው እንዲለቀቅ ተወሰነ። ሌሎች ሰዎች በመጀመሪያው መስፈርት ሲያሰሉት አገገሙ የተባሉት ቁጥር ወደ ነጠላ አሃዝ ወረደ። የሙከራው ባለቤቶች ዛሬም ውጤታቸውን ይከላከላሉ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ አካል ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ባወጣው መመሪያ ያንን ቀስ በቀስ የሚጨምር እንቅስቃሴ ለዚህ ሕመም እንዳይሰጥ አለ።

ለኮቪድ ድካምስ? እስካሁን መፈወሱ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። ፓክስሎቪድ የተባለው ፀረ ቫይረስ ለ15 ቀን ተሰጥቶ በ155 ሰዎች ላይ በአሜሪካ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ውጤት ከማስመሰያው የተለየ ጥቅም አላሳየም። በሌላ በኩል ለስኳር ሕመምተኞች የሚታዘዘውና በየመድኃኒት ቤቱ በርካሽ የሚገኘው ሜትፎርሚን በ1,126 ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ በኋላ ለረጅሙ ኮቪድ የተዳረጉት 6.3 በመቶ ሲሆኑ በማስመሰያው ቡድን 10.4 በመቶ ነበሩ። ግን ልብ በሉ፤ ይህ የተሰጠው በኮቪድ በተያዙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለመከላከል እንጂ እንደ ጓደኛዬ ከዓመታት በፊት ለደከመ ሰው አይደለም። አንባቢ ሮጦ እንዳይገዛ አደራ እላለሁ። በእንግሊዝ ደግሞ ሬጌይን የተባለው ሙከራ 585 ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ ሰዎችን ይዞ በኢንተርኔት የሚመራ የማገገሚያ ፕሮግራም ሲፈትን መጠነኛ የኑሮ መሻሻል አሳይቷል።

ሕጉ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ወደ ሙያዬ ልግባ። በሰው ላይ መሞከር ያለ ፈቃድ አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 7 ማንም ሰው ያለ ነጻ ፈቃዱ ለሕክምናም ሆነ ለሳይንስ ሙከራ እንዳይዳረግ ይከለክላል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት ደግሞ የተቀበልናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። የመድኃኒት ሙከራ ፈቃድን በሚመለከት በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 አለ። ከዚያ በፊት ግን ጥናቱ በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መታየት አለበት።

ወረቀቱ ጥሩ ነው። ጥያቄው ወረቀቱ ቡና ማሳው ውስጥ ምን ይሆናል የሚለው ነው። «ነጻ ፈቃድ» ማለት በማታነበው ቋንቋ በተጻፈ ቅጽ ላይ አውራ ጣት ማስነካት አይደለም። በጅማ ዙሪያ ያለው ገበሬ በአብዛኛው የሚያስበው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ቅጹም መጠይቁም በዚያው መሆን አለበት። «ድካም» የሚለው ቃል ራሱ በትርጉም ይሳሳታል፤ አንዱ እንቅልፍ ማጣት፣ ሌላው የመንፈስ መጨነቅ፣ ሦስተኛው ረኃብ ብሎ ይመልሳል። ከዚያም በላይ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ደም ማነስ፣ ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የሆድ ትላትል መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት፤ ያለዚያ በብረት እጥረት የደከመችን እናት የቫይረስ ታማሚ ብለን መዝግበን የሚረዳትን ነገር እንከለክላታለን።

የሚከፈለው የትራንስፖርትና የጊዜ ማካካሻም ፍትሐዊ መሆን ይገባዋል። በለቀማ ወቅት አንድ ቀን ጤና ጣቢያ የዋለች ሴት የቀን ገቢዋን ታጣለች። ማካካሻው ከዚያ ካነሰ ድሃውን እንበድላለን፤ ከልክ ካለፈ ደግሞ ፈቃዷን ገዛነው ማለት ነው።

ሌላው የሕግ ጎን አሠሪና ሠራተኛ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ግን የሐኪም ማስረጃ ይፈልጋል። በደም ምርመራ የማይታይን ድካም ሐኪሙ ምን ብሎ ይጽፈዋል? በኪሎ የሚከፈላት ለቃሚ ደግሞ ከነጭራሹ ፈቃድ የሚሰጣት አሠሪ የላትም። አስተማማኝ መለኪያና አስተማማኝ ሙከራ የሚያስፈልገው ለሳይንስ ሲባል ብቻ አይደለም፤ ሰው እውነቱን እየተናገረ «ሥራ ጠል» እንዳይባልም ነው።

መግለጫ ከማስረጃ አይቅደም

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን በተገኘ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ከባህላዊ ዕፅዋት የተቀመመ መድኃኒት የመጀመሪያ ምርምሩን አልፏል ተብሎ በመንግሥት መግለጫ ተሰጠ። ብዙዎቻችን ደስ አለን። ሳይንቲስቶች ግን «መረጃው የት አለ?» ብለው ጠየቁ፤ ትክክል ነበሩ። የአገር ባህል መድኃኒትን ማክበር ማለት ማስረጃ እንዳይጠየቅ መከልከል አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድን ለዓለም ያሳወቁት በዓመታት ልፋትና በመለካት እንጂ በመግለጫ አልነበረም።

ጅማ ለዚህ ሥራ ትመቻለች ብዬ አምናለሁ። የዩኒቨርሲቲው የጤና ተማሪዎች ከግቢ ወጥተው እንደ አጋሮ፣ አሰንዳቦና ሸቤ ባሉ ከተሞች ከሕዝቡ ጋር የሚሠሩበት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የቆየ ባህሉ ነው። በዕጣ መክፈልን፣ በመሣሪያ መለካትን፣ የማይመቸውን ውጤት ጭምር ማተምን እዚያው አጋሮ ላይ አሳይቷል። ከቫይረስ በኋላ ለደከሙትም ይኸው ቢደረግ ጥያቄው ከፌስታል ወደ ሚዛን ይሸጋገራል።

ለጓደኛዬ ደውዬ የነገርኩት ይህንን ነው። ፌስታሉ ውስጥ ላለ ነገር ሁሉ አራት ጥያቄ ጠይቅ፤ ከማን ጋር ተነጻጸረ? ዕጣ ወጥቷል? ሕመምተኛው የወሰደውን ያውቅ ነበር? ምን እንደሚለካ አስቀድሞ ተጽፏል? መልስ ከሌለው ገንዘብህን ያዝ። የደም ምርመራህን አስደርግ፣ ሌላ በሽታ አለመኖሩን አረጋግጥ። በተሻለህ ቀን ጉልበትህን ሁሉ አታፍስ፤ ለነገም አስተርፍ። ጥቂት ዝም አለና «እንግዲያ ፌስታሉ ባዶ ሊሆን ነው» አለኝ። አዎን፣ ለጊዜው ባዶ ነው። ባዶነቱን ማወቅ ግን ሪቱክሲማብ ፍለጋ ከወጡት ሰዎች ኪሳራ ያድናል።